የጋሽ ገብረ መድኅን ኅ

በየሰፈሩ አንድ ኦሪጅናል ሰው አይጠፋም። ሰው ሁሉ ዘፈን በፍላሽ ሲቀባበል እሱ ይገዛል፤ ገዝቶም ዝም አይልም። የለቡው ኦሪጅናል ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር ክቡር ጋሽ ገብረ መድኅን ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ ደስ የሚል ዘፈን ከሰሙ ሾፌሩን «የተገዛ ነው?» ይሉታል። ሾፌሩ ከሳቀ ይወርዳሉ። አንድ ቀን እንዲህ ወርደው ከጀርመን አደባባይ እስከ ለቡ በእግራቸው መጡ፤ ጉልበታቸውን እያሹም «ጆሮዬ ግን ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ሁለተኛው አመላቸው ፊደል ነው። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ባንክ ይሁን ወረዳ፣ ስማቸው በሃሌታው ህ ተጽፎ ካዩ ወረቀቱን ይመልሳሉ። «መድኅን በብዙኃኑ ኅ ነው» ይላሉ። «ስም አጥር ነው፤ አንድ እንጨት ከተነቀለ ሌባ ይገባል።»

ከሦስት ዓመት በፊት ሙዚቃ ከሚሸጥ አፕ አንድ አልበም ገዙ። ጣታቸው ለስልክ ስለማይታዘዝ ቅጹን የሞላሁላቸው እኔ ነበርኩ። በወሩ ስልኩ ተበላሽቶ አዲስ ሲይዙ ግን አፑ የተመዘገቡበትን ስም ጠየቃቸው። በብዙኃኑ ኅ አሳምረው ጻፉ። «በዚህ ስም የተመዘገበ ገዢ የለም» አላቸው።

በሰፈሩ ብቸኛው ገዢ እንደ ሌባ ከደጅ ቀሩ። ለድርጅቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። ለውሃ ቆጣሪ የሚያስገቡትን ማመልከቻ እንኳ ሳያነቡልኝ የማይልኩት ሰውዬ እነዚህን አላሳዩኝም። መልሱ ሁሌ ያው ነበር፦ ስምዎን እንደተመዘገበው ያስገቡ። ነፋስ ስልክ ካለ ሱቅ በፍላሽ ያስጫንኩት ያው አልበም ግን ማነህ ሳይለኝ ቀን ከሌት ይዘፍንልኛል። አዝኜላቸው ፍላሼን ብሰጣቸው ለአንድ ሳምንት ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ተቀበሉ።

የዘንድሮው የልጃቸው የውዳሴ ሠርግ ግን ቁርጥ ቀን ሆነባቸው። ውዳሴ ወደ አዳራሹ የምገባው በዚያ አልበም ሦስተኛ ዘፈን ነው ብላ አባቷን አስምላለች። ሙሽሪት በር ላይ ቆማ ሳለ፣ ሙዚቃ ከፋቹ ኢታና ዘፈኑ ፍላሽ ላይ እንዳለው ነገራቸው።

«ልጄ በተሰረቀ ዘፈን አትገባም» አሉ።

አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ሚዜዋን ወደ ውዳሴ ላክን። መልሷ አንድ ነበር፤ የአባቴ እስኪከፈት እቆማለሁ። የአባቷ ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ አየሁ፤ ኮራሁባት።

ጋሽ ገብረ መድኅን በሩን አዩ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ስልካቸውን አውጥተው ሳያመነቱ ስም ጻፉ። አፑ ተከፈተ። ዘፈኑ አዳራሹን ሞላው፤ ውዳሴም በእልልታ ገባች።

አጠገባቸው ስለነበርኩ ስክሪኑን አየሁት። «ገብረ መድህን» ይላል፤ በሃሌታው ህ። ያን ቀን ቅጹን ስሞላ ብዙኃኑን ኅ ኪቦርዱ ላይ መፈለግ ሰልችቶኝ ነበር። በጽሑፍ እንጀራ የምበላው እኔ።

«ያውቁ ኖሯል?» አልኳቸው።

«ከመጀመሪያው ቀን» አሉ፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው ሳይነቅሉ። «ወጋየሁ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ። ተማሪዬ ኅን ሳተ ብዬ ለማን ልናገር?»

ለድርጅቱ የጻፉት ፊደሏን እንዲያርሙላቸው ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ ዘፈናቸው ደጅ የጠኑት በተሳሳተ ስም ላለመግባት፣ ደብዳቤዎቹን የደበቁኝ ደግሞ እኔን ላለማሳፈር። እንዲህ ያለ መምህር ያስተማረው ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም።

በማግስቱ አልበሙን ገዛሁ። አፑ የገዢ ስም ሲለኝ «የጋሽ ገብረ መድኅን ተማሪ» ብዬ ጻፍኩ። ኅን ኪቦርዱ ላይ እስካገኛት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።