ላዩና ውስጡ

ድልድይ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ድልድዩን ራሱ የወለደው የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ጎባ መግቢያ ላይ ላለው ድልድይ የደረሱት ክቡር ኦቦ ጀሊል ናቸው።

በእሳቸው አንደበት ድልድዩን ሰኞ ጣሊያን ይሠራዋል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ንጉሡ ያሠሩታል፤ ዝናብ ከጣለ ከሥሩ ወርቅ ይቀበራል። "ኧረ ባለፈው ሌላ ነበር ያሉን" ያላቸው ሰው ካለ፣ ከዘራቸውን የድልድዩ መከታ ላይ ኳ አድርገው፣ "እሱ ላዩ ነው! እኔ የምነግርህ ውስጡን ነው" ይላሉ። መድኃኒት ሊገዛ የወጣ ሰው እሳቸውን ሰምቶ እስኪጨርስ ሕመሙ ይለቀዋል።

ማምለጫም የለም። የጋሪ ፈረስ የወንዙን ድምፅ ስለሚፈራ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ በእግሩ ይሻገራል።

የጎባዋ ሃጂራ የምትፈራው ግን የኦቦ ጀሊልን ፈጠራ ሳይሆን የሚያውቁትን እውነት ነበር። በልጅነቷ ለማትወደው ሰው ተድራ ስትሄድ፣ አጃቢው በቅሎዎቹን ለማሻገር ሲታገል እሷ ወደ ወንዙ ወረደች። ከድልድዩ ሥር ደብቀው ያስመለጧት ያኔ ጎረምሳ የነበሩት ጀሊል ናቸው። በኋላ የወደደችውን አግብታ ሳቢሪንን ወለደች።

ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት ዓመት፣ ከሮቤ ገበያ ስትመለስ ጋሪው ላይ አብረዋት የተሳፈሩ ሁለት የገሰራ ሽማግሌዎች የሳቢሪንን ስም ሲያነሡ ሰማች። ለልጃቸው ሊጠይቋት፣ አስቀድመውም የቤተሰቡን ነገር ሊያጣሩ መምጣታቸው ነው። ሃጂራ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ሳቢሪን ልጁን ትወደዋለች። "እናቷ ከሠርጓ የጠፋች ናት" ከተባለ ግን ነገሩ እዚያው ድልድዩ ላይ ያበቃል።

ጋሪው ቆመ። ወረዱ።

"ኦቦ" አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ሐጂ ዘይነዲን፣ "የሳቢሪንን እናት ያውቋታል? ሃጂራ የሚሏትን?"

"እኔን ነው የሚጠይቁኝ?" ኦቦ ጀሊል ከዘራቸውን አነሡ። "ይህ ድልድይ ሲሠራ..."

"ድልድዩን ይተዉትና።"

ኦቦ ጀሊል ከሽማግሌዎቹ ኋላ የቆመችውን ሴት አዩ። ሃጂራ ሻሿን ይበልጥ ሳበች።

"እሷማ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ላይዋም ውስጧም አንድ ነው። ወላሂ፣ የምጨምረው የለኝም።"

"ጉድ ዛሬ!" አለ ባለ ጋሪው ቱፋ ልጓሙን እንደያዘ። "ኦቦ ጀሊል የሚጨምሩት አጡ?"

ሃጂራ ከሻሿ ሥር "አልሐምዱሊላህ" አለች።

የሳቢሪን ሠርግ ባለፈ በሳምንቱ ጋሪው እንደ ልማዱ ድልድዩ ጋ ቆመ። ሌላው ተሳፋሪ አንገቱን ደፍቶ ፈጥኖ አለፈ። ሃጂራ ግን ዘንቢሏን መከታው ሥር አስቀመጠች።

"ኦቦ ጀሊል፣ ዛሬስ ማን ሠራው?"

"ተቀመጪ እንጂ፣ ነገሩ ረጅም ነው!"

ተቀመጠች።