ፈለቀ የተሣለበት ከሰዓት

ትናንት ከምሳ በኋላ ሠዓሊው ፈለቀ ሕልም አየ። መጀመሪያ ግን ጭንቀቱን እንናገር። ዐሥር ሰዓት ላይ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሊከፈት ነው፤ ግድግዳው ላይ አንዲት ሚስማር ባዶዋን የእሱን ሥራ ትጠብቃለች። ፈለቀ ቤት አይሥልም፣ ሰው አይሥልም። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ይነክርና ክንዱን አንዴ ይወረውራል፣ አለቀ። ማረም ብሎ ነገር የለም። ቀለሙንም ራሱ ነው የሚሠራው፤ የድስት ጥላሸትና ያረረ ገብስ በሙጫ ለውሶ፣ ሦስት ወር በየቀኑ እየበጠበጠ። የቀረው ቀለም ለአንድ ጭረት ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ወረቀቱም አንድ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብሩሹን ባነሣ ቁጥር እጁ ይደርቃል። ትናንትም ብሩሹን ነክሮ፣ ትንፋሹን ውጦ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ ወረቀቶች ጠረጴዛ ከበው ሰው ላይ ይሥሉ ነበር፤ ሰውዬውም ራሱ ፈለቀ ነው። አንዲት መነጽር ያደረገች ትልቅ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ ሰውዬ በጣም ንጹሕ ነው» አለች። «ባበላሸውስ? እጄ ፈራ።»

«እኔም እንዲሁ ነኝ» አላት።

«አንተማ ስትሥል ምን አለብህ! የምበላሸው እኔ!»

ቀለሙ ከአንድ ገንቦ ውስጥ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ገና ጥሬ ነው! ሦስት ወር ይበጥበጥ!» ሲል ፈረደ። ገብሶች ወገባቸውን ታጥቀው ፈለቀን ገንቦ ውስጥ ከተቱትና በዱላ ይበጠብጡት ጀመር። ደግነቱ ሦስቱ ወር በአንድ ማስነጠስ አለቀ። ከዚያ ኮረብታ የሚያክል ብሩሽ እግሩን ይዞ አንጠልጥሎ ወረወረው።

ፈለቀ መስመር ሆነ። ደስታው ልክ አልነበረውም! ጣሪያ ላይ ወፈረ፣ በገበያው መሐል ቀጠነ፣ አደባባዩን ሁለቴ ዞረ። እዚያ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ሾፌር አስቁሞ ይቆጣል።

«ቀጥ ብለህ ነድተሃል! አታፍርም?»

ፈለቀን ሲያይ ግን ሰላምታ ሰጠው። «እለፍ ወንድሜ፣ እንደ ልብህ ተጠማዘዝ!»

መሐንዲሶች ማስመሪያቸውን እየሰበሩ አጨበጨቡ። ከታች ያቺ ባለ መነጽሯ ወረቀት መንገዱን ሞልታ ተዘርግታ ጠበቀችው።

«ተንፍስ እንጂ አንተ ሰው!» ብላ ጮኸች።

ፈለቀ በሳቅ ተነፈሰ። ነቃም።

ባለቤቱ ውድነሽ አፏን በእጇ ይዛ ፊቱ ቆማለች። ብሩሹ ወለል ላይ ወድቋል። የቀለሙ ጠርሙስ ባዶ ነው። ወረቀቱ ግን ነጭ እንደሆነ ቀርቷል።

«ጉድ ሆንኩ!» አለ። «ፊቴን ምን ነካው? ውሃ አምጪልኝ።»

«ውሃ? እንዳትሞክራት!»

መስታወት አመጣችለት። ከቀኝ ግንባሩ ተነሥቶ፣ አፍንጫውን ዘሎ፣ በግራ ጉንጩ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ የገባ አንድ ጥቁር መስመር አየ። እዚህ ላይ ወፈር፣ እዚያ ላይ ቀጠን ያለ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈለገው ራሱ መስመሩ። ፈለቀ እንደ ልጅ ፈነደቀ።

ስልኩ ጮኸ። የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ አቶ ምንውየለት ናቸው፤ ድምፃቸው እስከ ደጅ ይሰማል።

«ሰው እየገባ ነው! ሥዕሉ የታለ?»

«አይጨነቁ» አለቻቸው ውድነሽ፣ የፈለቀን ኮት በሌላ እጇ እያራገፈች። «ጫማውን እያሰረ ነው።»