ረቡዕ የማትገኘው ወይዘሪት ታምሲን

በዓለም ላይ እየሠራ ዲግሪ እንደሚማር ተለማማጅ መሐንዲስ ሥራ የሚበዛበት፣ ሰው ግን የሚያጣ ፍጡር የለም። አራት ቀን ሳይት፣ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ፣ ለአምስት ዓመት። በእኛ በእንግሊዟ ላንክሻየር ድልድይ በሚሠራበት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ አይታችሁታል። ቦት ጫማው ጭቃ ነው፣ ቦርሳው ውስጥ የሒሳብ መጽሐፍ አለ፣ ፊቱ ደግሞ አንድ ነገር ያመለጠው ሰው ፊት ነው።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሪት ታምሲን ኤንትዊስል ትባላለች። ዕድሜዋ ሃያ ነው። እኔ የሳይቱን ወረቀት የምይዝ ሰው ስሆን ጠረጴዛዋ ከእኔ ፊት ለፊት ስለሆነ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ክብርት ወይዘሪት በቀን ቢያንስ ዐሥር ጊዜ የምትላት ነገር አለች፦ «አንዴ ብቻ ልድገመው?» ትለካለች፣ ልክ ይመጣል፣ «አንዴ ብቻ ልድገመው?» ትላለች። ለሰው ሻይ ስትቀዳ ወተቱን እንኳ እንደዚሁ ነው። ፎርማናችን ደጊ ፒሊንግ፣ ሠላሳ ዓመት ከኮንክሪት ጋር የኖረ ሰው፣ «ይቺ ልጅ ስትዳር ቄሱን ሁለቴ ታስደግመዋለች» ይላል።

ሌላው መዝገቧ ነው። የተማረችበትን እያንዳንዱን ሰዓት ለዩኒቨርሲቲው ጽፋ ማቅረብ አለባት፤ ስለዚህ ምንም አያመልጣትም። አንድ ቀን ደጊ መንገድ የዘጋበትን የጭነት መኪና ሹፌር ሙልጭ አድርጎ ሲሰድበው አጠገቡ ቆማ ጻፈች፦ «ከአቅራቢዎች ጋር የሚደረግ ግንኙነት፣ ምልከታ፣ ሰባት ደቂቃ።» ደጊ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አነበበና «ስምንት ነው፤ አታሳንሺኝ» አላት።

ይህ ሁሉ ሳቅ ግን የእኛ እንጂ የእሷ አልነበረም። ረቡዕ ረቡዕ ዩኒቨርሲቲ ናት። ሳይታችን ላይ የሚያስቅ ነገር የሚሆነው ደግሞ፣ በማን እርግማን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ረቡዕ ነው። አናፂው ወንዝ ውስጥ የወደቀው ረቡዕ ነው። በግ ቢሯችን ገብታ የደጊን ሳንድዊች የበላችው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁሉም «ባኣ፣ ባኣ» እየተባባለ ሲንከተከት እሷ የሻይ ትሪ ይዛ ፈገግ ትላለች።

«ምንድነው እሱ?» ስትል፣

«ተይው ባክሽ ዩኒቨርሲቲ፣ ካላዩት አያስቅም» ይሏታል። ዩኒቨርሲቲ ስሟ ሆኖ ቀርቷል።

ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ደግሞ ስሟ «ቦት ጫማ» ነው። እዚያ ሌሎቹ ሳምንቱን ሙሉ አብረው ስለሚውሉ የሚስቁት ሰኞና ማክሰኞ በሆነው ነው። አንድ ጊዜ ምሳ የት እንደምትበላ ጠየቅኋት።

«መኪናዬ ውስጥ።»

«እዚያ ነው እዚህ?»

«ሁለቱም ጋ» አለችኝ፣ ከስክሪኗ ላይ ቀና ሳትል።

አንጀቴን በላችው። ያቺ ልጅ የምትፈልገው ዲግሪ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሳቅ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ መገኘት ነበር። ጊዜዋም እያለቀ ነው። ተለማማጅ በየስድስት ወሩ ወደ ሌላ ሳይት ይዛወራል፣ የእሷም ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሐሙስ ቀን እኔ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ ቀረሁ። ዓርብ ጠዋት ጉንጬ እንዳበጠ ስገባ ቢሮው በሳቅ ይናጋል።

«ምንድነው?» አልኩ እንደምንም።

«አንተማ አልነበርክም» አለኝ ደጊ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ታምሲን፣ እስቲ አንቺ ንገሪው» አለ።

ነገረችኝ። ሐሙስ ጠዋት የድልድዩ እግር ኮንክሪት ሊሞላ ሚክሰሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። እሷ የመጨረሻውን ከፍታ ስትለካ ኮንክሪቱ በሚፈስበት ካሳፎርማ ላይ የተመታው ምልክት ከፕላኑ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አገኘችው። ደገመችው፤ ሠላሳ። ሠለሰችው፤ ያው ሠላሳ። ድምጿ ከሻይ ትሪው አልፎ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ «አቁሙ!» ብላ ጮኸች።

ሥራው ቀጥ አለ። ኮንክሪት ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሚክሰሮቹ እየዞሩ፣ ሹፌሮቹ ሰዓታቸውን እያዩ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ፕላን ተገለጠ፣ ሜትር ተዘረጋ። በመጨረሻ ደጊ መጣና እሷን ሳይሆን የያዘችውን የመለኪያ ዘንግ ከታች እስከ ላይ ተመለከተው።

«ዩኒቨርሲቲ፣ አንቺ ነሽ ያጠርሽው ወይስ ዘንጉ ነው ያደገው?»

ለካ ረቡዕ ዕለት ዋናው መሐንዲስ ከብረቱ ክምር በላይ አሻግሮ ለማየት ዘንጉን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ስቦ አርዝሞት ሄዷል። ከፍታውን የሚያሰላው መሣሪያ የዘንጉን ርዝመት የሚያውቀው ሲነገረው ነው፤ እሷ የነገረችው የማክሰኞውን ነው። ሦስት ጊዜ የደጋገመችው በዚያው በረዘመው ዘንግ ነበር፤ ምልክቱማ ከመጀመሪያውም ልክ ነው።

«መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ» አለችኝ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ እየሳቀች። «ደጊ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ነገም ከተጠራጠርሽ አስቁሚኝ፤ መጀመሪያ ግን ዘንጉን እዪ!›»

«እጅሽን እንዴት እንደሰቀልሽ አሳዪው እንጂ!» አለ አንዱ ብረት አሳሪ ፌራዮ። ተነስታ አሳየችኝ። ያን ዕለት ምሳዋን እኛው ጋ በላች።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ለዕቃ አመላላሹም፣ ለጽዳቷ ሴትዮም፣ ለጎብኚ ሁሉ ስትነግር እሰማለሁ። መጀመሪያ የነገረችኝ ጊዜ በር ላይ የቆሙት ሚክሰሮች ሁለት ነበሩ። በሳምንቱ አራት ሆኑ። ትናንት ስድስት ደረሱ። የኮንክሪቱ ማስረከቢያ ወረቀቶች እኔ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ ሁለት ብቻ ናቸው። መሳቢያውን ቆልፌዋለሁ።

ሰኞ ወደ ሌላ ሳይት ትሄዳለች። እዚያ ያን ሐሙስ የነበረ አንድም ሰው የለም፤ መጀመሪያ ሰሞን ምሳዋን እንደገና መኪናዋ ውስጥ እንደምትበላም አውቃለሁ። ብቻ አንድ ሰው ጠይቋት ታውራለት እንጂ፣ ሚክሰሮቹ ስምንትም ይሁኑላት።