የቆሻሻ ክፍላችን የበላይ ጠባቂ

አውሮፓ ውስጥ ሕግ አስከባሪ የሌለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የለም። ፖሊስ ማለቴ አይደለም፤ ፖሊስ ቢጠሩትም ቶሎ አይመጣም። እኔ የምለው ሳይጠሩት የሚመጣውን፣ ማንም ሳይሾመው የተሾመውን፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራ የበዛበትን ጎረቤት ነው። ሊዝበንም አለ፣ ሄልሲንኪም አለ። የእኛው፣ የስዊድኗ የኖርሾፒንግ ከተማው፣ ክቡር ቶርኒ ሄልስትራንድ ይባላሉ። ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።

ጋሼ ቶርኒ የአውሮፓ ኅብረት የሚያወጣውን የአካባቢ ሕግ ሁሉ፣ ሌላው ሰው ከቁርሱ ጋር ጋዜጣ እንደሚያነብ፣ ከነማሻሻያው ያነባሉ። «መመሪያ ሌላ፣ ደንብ ሌላ» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። «መመሪያ ከሆነ አገርህ ሕግ እስክታወጣለት ትጠብቃለህ። ደንብ ከሆነ ግን ምን ትጠብቃለህ? በቀጥታ አንተ ላይ ነው የሚሠራው።» ይህን ያስረዱኝ የሚያንጠባጥብ ከረጢት ይዤ ደረጃ ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። የተከራከራቸው ሰው ካለ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ብራስልስ ነው።»

የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ከጠርሙሱ እንዳይነጠል የተባለ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲጠጣ አፍንጫው በክዳኑ እየተወጋ አጉረመረመ። እሳቸው ብቻ በኩራት ጠጡ። እኔ ክዳኑን ገንጥዬ ጣልኩ። በማግስቱ በሬ ተንኳኳ።

«ይህ ክዳን እናቱ ጠፍታበታለች» አሉኝ በሁለት ጣታቸው ይዘውት።

«የኔ መሆኑን በምን አወቁ?»

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ ይህን ውሃ የምትጠጣው አንተ ብቻ ነህ።»

ቀጥሎ አሮጌ ጨርቅ ለብቻው ይሰብሰብ የሚል ሕግ መጣ። የጣልኩት ካልሲ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በበሬ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ወርጄ «ጋሼ ቶርኒ፣ ይሄ እኮ ቀዳዳ ብቻ ነው» ብላቸው፣ «ቀዳዳው አይቆጠርም። በዙሪያው ያለው ጨርቅ ነው» አሉ። ከወራት በኋላ መንግሥት የተበጣጠሰውን ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል ይቻላል ብሎ ሲያላላው፣ የምሥራች ይዤ ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ። እሳቸው ቀድመውኝ አንብበውታል። «ይቻላል ተባለ እንጂ የግድ ነው አልተባለም» ብለው በራቸውን ዘጉ።

የእኛን የስዊድንን ጉርብትና የማያውቅ ሰው የእኚህ ሰውዬ ድፍረት አይገባውም። እዚህ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት በሩ ላይ ጆሮውን ይለጥፋል። ደረጃው ላይ ኮቴ ከሰማ፣ ያ ሰው አልፎ እስኪሄድ ቆሞ ይጠብቃል። ጥላቻ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ቅሬታ ያለው በወረቀት ጽፎ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። በር የሚያንኳኩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ነገሩ የከረረው በጸደዩ የነዋሪዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ነው። በየፎቁ ግድግዳ ላይ ቆሻሻ ወደ ታች የምንለቅበት ቀዳዳ ነበረን። ጋሼ ቶርኒ ይዘጋ አሉ፤ ከእንግዲህ ሁሉም በየዓይነቱ ተለይቶ ምድር ቤት ወዳለው ቆሻሻ ክፍል ይወርዳል፣ በቀዳዳው የሚወርደው ግን እንደተደባለቀ ነው። ይሄኔ ከአራተኛ ፎቅ የመጡት እትዬ ማይከን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም።

«እኔ በዚህ ጉልበቴ ስንት ዓይነት ከረጢት ተሸክሜ ነው አራት ፎቅ የምወርደው? ቀዳዳው ከተዘጋ አረጋውያን መጦሪያ መግባቴ ነው። ከቤቴ በቁሜ ላልወጣ ምዬ ነበር።»

ጋሼ ቶርኒ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ማይከን፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት…»

«አውቃለሁ፣ ብራስልስ ነው። ብራስልስ ጉልበቴን ያውቀዋል?»

ድምፅ ተሰጠ፣ ሕጉ አሸነፈ። እኔ ተቃውሜ እጄን አወጣሁ፤ ያን ቀን ሰውዬውን ከልቤ ጠላኋቸው። ቀዳዳው በብየዳ ተዘጋ። የእትዬ ማይከን ቤት መቼ ለሽያጭ ይወጣል እያልን እንጠብቅ ጀመር።

በጋው መጥቶ ሄደ፣ ቤቱ አልተሸጠም። አንድ ጠዋት እንደ ደንባችን በሬ ጀርባ ቆሜ ኮቴ እስኪያልፍ ስጠብቅ፣ ኮቴው ከሁለተኛ ፎቅ ተነሥቶ የኔን በር አልፎ ወደ ላይ ወጣ። በማግስቱም እንዲሁ። ከላይ የጭቅጭቅ ድምፅ ይሰማል። ሴትዮዋን ቤታቸው ድረስ ሄደው ሊያሰቃዩአቸው ነው ብዬ ደሜ ፈላ፤ ጨዋነቴን ጥዬ ወጣሁ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ቶርኒ መነጽራቸውን አድርገው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የእትዬ ማይከንን ቆሻሻ ጋዜጣ ላይ ዘርግተውታል።

«የዓሣ ጣሳ ከድንች ልጣጭ ጋር ምን ይሠራል?»

«ዓሣ ምግብ አይደለም እንዴ?»

«ዓሣውን እኮ በላሽው። የቀረው ጣሳው ነው።»

«ሽታው ግን አለ።»

እያንዳንዱን ለዩ፣ ቡናቸውን ጨለጡ፣ ከረጢቶቹን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ወጡ። በአጠገቤ ሲያልፉ «ይህቺ ሴትዮ ተስፋ የላትም። ነገም መምጣቴ ነው» አሉኝ። ሰውዬው እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

አፈርኩ። ለእትዬ ማይከንም አዘንኩላቸውና «አለያየቱን ቀለል አድርጌ ላሳይዎት?» አልኳቸው። መጀመሪያ ኮቴው ታች እስኪደርስ አዳመጡ።

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራሁ ሴት ነኝ። ጣሳና ድንች መለየት አያቅተኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንድ ቀን በትክክል ለይቼ ጠበቅኩት። ደጃፍ ላይ ከረጢቶቹን ተቀብሎኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ያን ቀን እስከ ማታ ሌላ ሰው አላናገርኩም።»

ከመሳቢያቸው ያለቀ ባትሪ አወጡና የነገው ልጣጭ መሀል ቀበሩት። «ባትሪ ለብቻው ደንብ አለው» አሉኝ። «ነገ ቶሎ አይሄድም።»

ቤቴ ገባሁ። ያልታጠበ የማርማላታ ብልቃጥ ከነክዳኑ ይዤ ምድር ቤት ወረድኩና የወረቀቱ ማጠራቀሚያ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ በደንብ እንዲታይ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ተመለስኩና ሁለት የቡና ስኒ አወጣሁ።