ሃምሳ ወንበር ይዞ ሽማግሌ መላክ

ሐበሻ አብራሪን የሚያከብረው በአውሮፕላኑ ቁመት ነው። አይደለም የምትሉኝ ካላችሁ፣ እንደኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ ሃምሳ ሰው የምትጭን አውሮፕላን አብርሩና እዩት።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ፓይለት ነኝ።"

"እሰይ! አዲስ አበባ ታደርሰናለሃ?"

"ኧረ እኔ ኦሃዮ ድረስ ነው…"

"አ… ይሁን፣ እሱም ሥራ ነው።"

እሱም ሥራ ነው! ካፒቴን ነኝ እኮ፣ ጎበዝ።

የዚያን ሰሞን ሁለት መንገድ ተደቅኖብኝ ነበር። አንደኛው፣ እዚያው የምሠራበት ትንሹ ኩባንያ ቆይቶ በሲኒዮሪቲ፣ ማለትም በገባንበት ቅደም ተከተል፣ ወደ ትልቁ አየር መንገድ የምንዛወርበትን ተራ መጠበቅ፤ ሁለት ዓመት፣ ግፋ ቢል ሦስት። ሁለተኛው፣ አንድ ርካሽ ቲኬት የሚሸጥ ኩባንያ "አሁኑኑ ና፣ ትልቅ አውሮፕላን እንሰጥሃለን" ብሎኛል። እዚያ ግን ከሁሉም በታች ሆኜ እንደ አዲስ ልጀምር ነው፤ የያዝኩት ተራም ይቃጠላል። መልሱን ለሰኞ ይፈልጉታል።

እኔ ደግሞ እሑድ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ፍቅረኛዬን ሰላምን ካላገባሁ አውሮፕላኑ ቢረዝም ቢያጥር ምን ይሠራልኛል? አባቷ ጋሽ መኮንን እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሃያ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቴ ጋሽ ታደሰ ቤልትዌይ የሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ መንዳት ስለሚፈሩ፣ ሦስቱንም ሽማግሌ ያደረስኳቸው እኔው ነኝ።

"ጋሼ፣ አደራ፣ የሥራዬን ነገር እንዳያነሱ።"

"ምን ነካህ? እኔ ልጅ ነኝ?"

እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ጠያቂው ልጅ እዚያ ቤት ድርሽ አይልም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሽ ታደሰ ኮል አደረጉኝ።

"ና ግባ።"

"የት?"

"እዚህ ነዋ። በሚቀጥለው ወር ትልቁን አውሮፕላን ይይዛል ብዬ ነበር፤ እንዴት አድርጎ ሲሉኝ ጠፋኝ።"

ለገዛ ሽምግልናው በስልክ የተጠራ ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገባሁ። ሰላም ደረጃው ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። በእፍረት ላቤ እየተንቆረቆረ ሁለቱንም መንገድ፣ የሰኞውንም ነገር፣ ሳልደብቅ ተናገርኩ።

"ቆይ" አሉ ጋሽ መኮንን። "ተራህ ሊደርስ ሲል ለቀህ ሌላ ሰልፍ ጭራ ላይ ልትቆም?"

"እሱን ነው የምወስነው።"

"ምኑን ነው የምትወስነው? ሃያ ዓመት ስሰለፍ፣ ተራውን ጥሎ ሮጦ ያለፈለት ሰው አላየሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።"

ልቤ ሞቀ። ከዘመድ ወዳጅ ሁሉ ነገሩ የገባቸው እኚህ ሰው ብቻ ናቸው።

"እንግዲያው እዚያው ሆኜ እጠብቃለሁ" አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ጋሽ ታደሰም አጋጣሚውን አላለፉትም፤ "ይኸው፣ ትዕግሥቱን አዩት?" አሉ።

"አየሁት" አሉ ጋሽ መኮንን። "ተራ የሚያከብር ልጅ ደስ ይለኛል። ሰላምን ሰጥቼሃለሁ… ታላቋ ሂሩት እንደተዳረች።"

ሂሩት ከኩሽና ብቅ አለች። "ዳዲ፣ እኔ እኮ ስኩል ለመጨረስ ገና አራት ዓመት ይቀረኛል" አለች፣ ፊቷ በደስታ እያበራ።

ሰኞ ለዚያ ኩባንያ "አልመጣም" አልኩ። ሰላምና እኔም ሌላውን ሥራ ጀመርን፤ ለሂሩት ባል ፍለጋ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ያላገባ፣ መልከ መልካም ካፒቴን፣ ድንገት ያገኘሁት አስመስዬ እነሱ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሂሩት ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ወደ ጎን ሳበችኝ።

"ልጁስ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ግን ምን አስቸኮለኝ? ሰልፉ ፊት ያለሁት እኔ ነኝ።"