የእናቴ ጌጠኛ መብራት

የመብራት ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ማየት ያወራል። ስለ መታየትስ? እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ እስቲ ከእኔ ወገን ሆናችሁ አድምጡኝ።

በኩራዝ ጊዜ ኑሮዬ ጥሩ ነበር። ለእንግዳ ውሃ ሳቀርብ ፊቴን ማን ያየዋል? ጋምቤላ የጄኔሬተር መብራት ሲገባም አምፖላችን ደከም ያለች ስለነበረች ቻልኳት። ከዚያ የጤና ረዳቱ አባቴ ለሴሚናር አዲስ አበባ ሄዶ፣ የመስተዋት ጠብታዎች የተንጠለጠሉበት ጌጠኛ መብራት በአውሮፕላን ታቅፎ መጣ። እናቴ መብራቱን ስታይ ባሏን ሰላም ማለት ረሳች።

ዝቅ ብሎ ይሰቀል አለች፤ እንግዳ ጠብታዎቹን በደንብ እንዲያይ። አባቴ ጭንቅላት ይመታል ቢላት፣ ጎንበስ ማለት ልመድ አለችው። እራት ሳይቀርብ ግንባሩ አበጠ።

ቅዳሜ የአባቴን የሥራ ባልደረባ ጋሽ ኦሞድንና ባለቤታቸውን እትዬ አሪየትን ጠራች። ለእኔም ቁርጡን ነገረችኝ። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ጓዳ አትደበቅም፤ መብራቱ ሥር ተቀምጠሽ እንግዶቹን ታጫውቻለሽ አለች። ምን ብዬ? ቀኑን ሙሉ የማወራውን ስፈልግ ዋልኩ።

እንግዶቹ መጡ፤ መብራቱ በራ። ግን በጋምቤላ ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ያመሻል? እትዬ አሪየት በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ ግቢው ውስጥ ማንጎው ዛፍ ሥር ይሻላል አሉ። ሁሉም ወንበሩን ይዞ ወጣ። እናቴም ወደ መብራቱ ዞር ዞር እያለች ተከተለች። እኔ ተመስገን ብዬ ቀረሁ።

ብቻዬን ስሆን መብራቱ ሌላ ሆነ። ነፋስ ጠብታዎቹን ሲነካቸው ቀለማቱ ግድግዳው ላይ እንደ ባሮ ዓሣዎች ይዋኛሉ። ክንዴን ብዘረጋ ክንዴም ላይ መጡ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ከዚያ እንግዶች የመጡልኝ መሰለኝ። ለባዶው ወንበር እጅ ነሳሁ። ከጎግ ነው የመጣችሁት? መንገዱ እንዴት ነበር? በቆሎውስ አፈራ? አልኩ። አንዱ እንግዳ ሲቀልድ ሳቅሁ፤ ቀልዱን ብትጠይቁኝ ግን አላውቀውም። እንዲህ ሆኜ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ።

ድንገት ግቢው ጸጥ ማለቱን ልብ አልኩ። የእኛ መስኮት ለአየር ሲባል መጋረጃ የለውም፤ ወንፊት ሽቦ ብቻ ነው። ውጭው ጨለማ ስለሆነ እኔ ማንንም አላይም። እነሱ ግን ለካ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

ከጨለማው ውስጥ የእትዬ አሪየት ድምፅ መጣ።

«መብራትሽ ጥሩ ነው» አሏት እናቴን። «ልጅ ያናግራል።»

እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ሳቀች። አባቴም ቀጥይ እንጂ ልጄ፣ በቆሎው አፈራ ወይ? አለኝ።

እንደ እኔ ዓይን አፋር ከሆናችሁ ምክሬን ስሙ። እንግዳ ሲመጣ ቤት ውስጥ አትደበቁ። ሮጣችሁ ውጡና መሃላቸው ጨለማው ውስጥ ተቀመጡ።