ሶፋ ላይ ተጋድሜ የላክሁት ደብዳቤ

ስንፍና እንደ ዘንድሮ ተከብሮ አያውቅም። ድሮ ሰነፍ ሰው ሰነፍ ይባል ነበር፤ ዛሬ «የቴክኖሎጂ ተጠቃሚ» ይባላል። እኔም አዳማ ላይ፣ ያውም በዚያ ፀሐይ፣ ከሶፋዬ ሳልነሳ የመብራት ከፍዬ፣ ምሳ አዝዤ፣ ዘመድ ጠይቄ የምውል የተከበርኩ ተጠቃሚ ነኝ። እናንተም አትሳቁ፤ ይህን የምታነቡት ቆማችሁ አይመስለኝም።

እናላችሁ፣ ሻሸመኔ ውስጥ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁኝ አክስት አሉኝ፤ እትዬ ታየች። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶባቸው ብርሃናቸው ቀስ በቀስ እየደከመ ነው። በደወልኩ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ፣ ሳይጨልምብኝ ና አንዴ ልይህ።» እኔም «እሺ እትዬ፣ የሚመጣው ቅዳሜ» እላለሁ። ቅዳሜው ይመጣል፤ እኔ አልሄድም። በመጨረሻ መደወሉንም ፈራሁት። ስልክ ክፉ ነው፣ መልሶ ይጠይቃል።

ይሄኔ ነው ያንን ድረ ገጽ ያገኘሁት። አንተ በስልክህ ትጽፋለህ፤ እነሱ አዲስ አበባ ሆነው በወረቀት አትመው፣ ፖስታ ውስጥ ከተው፣ ቴምብር ለጥፈው ይልኩልሃል። ደብዳቤ ክብር አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «መቼ ነው የምትመጣው?» አይልም። ትራሴን አመቻችቼ የናፍቆት ቃል ደረደርኩ፣ መጨረሻው ላይ «በሥራ ብዛት ምክንያት ለጊዜው መምጣት ስላልቻልኩ» የምትለዋን ጣል አደረግሁ። ዓይኔ ደከመ ለሚሉኝ ሴት የሚነበብ ነገር መላኬ ትዝም አላለኝ፤ ብልህነቴ አስክሮኝ ነበር። ደብዳቤውም ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ እኔ ቤት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሞጆ ላይ ታጥፎ ወደ ሻሸመኔ ወረደ።

መቼም በእኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት አይዞርም። ደብዳቤው የደረሰው በጎረቤታቸው በነጋዴው በሐጂ ሰይድ የፖስታ ሳጥን ነው። ሐጂ አገላብጠው ቢያዩት የእጅ ጽሕፈት የለው፣ የላኪ ስም የለው፤ የእትዬ ስም ብቻ በማሽን ተጽፏል። ሠርጉም ልደቱም በስልክ በሚነገርበት ዘመን በስልክ የማይነገር አንድ ነገር ነው ያለው፤ መርዶ። እትዬ ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚሞትባቸው ሰው የላቸውም። ሐጂ ግን ጠንቃቃ ናቸውና አስቀድመው እኔው ጋ ደወሉ። ቁጥሩን አየሁት። እትዬ ያስደወሉ መስሎኝ ዝም አልኩ። ደጋግመው ደወሉ፤ ደጋግሜ ዝም አልኩ። እንዲህ ሆኖ መሞቴ ተረጋገጠ።

መርዶ ብቻን አይከፈትምና፣ ፖስታው እንደታሸገ የሰፈሩ ሰው ሚኒባስ ተኮናትሮ አዳማ ገባ። እኔ እሑድ ረፋድ ላይ በረንዳዬ ላይ በቁምጣ ተቀምጬ ፓፓያ እበላለሁ። ከአጥር ውጭ ለቅሶ ሰማሁ። ምስኪን፣ ማን ሞቶ ይሆን ብዬ ማንኪያዬን እንደያዝኩ በሩን ከፈትኩ። እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በሁለት ሴቶች ተደግፈው «ወይኔ ልጄን! ሳላይህ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ለቅሶው ቀጥ አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ ሰይድ ማንኪያዬን እያዩ። «ይበላል እኮ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ግን አልተቆጡም። ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው፣ አፍንጫዬ ሥር ቀርበው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። «ልይህ ብዬ ስለምንህ ጠፋህ፤ ላለቅስልህ ስመጣ አየሁህ» አሉ። አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት አልቃሽ የጠፋ እንዳይመስል ብዬ አይደለም፣ እውነቴን ነው።

ለቀስተኛው ሁሉ ገብቶ ሻይ ከያዘ በኋላ እትዬ ከጉያቸው ያንን ያልተከፈተ ፖስታ አወጡ።

«በል እንግዲህ፣ ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። የናፍቆቱን ክፍል ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። «በሥራ ብዛት» የምትለዋ ጋ ስደርስ ግን ዓይኔ በግማሽ የተበላው ፓፓያ ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ቀሪው አይታይም፤ ቀለሙ ደብዝዟል» አልኩ።

«ምነው ልጄ፣ ሞራው አንተም ጋ መጣ እንዴ?» አሉ።

ማምሻውን አብሬያቸው ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ። ሞጆን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ፤ ደብዳቤዎ ለተቀባይ ደርሷል፣ አገልግሎታችንን በኮከብ ይመዝኑልን ይላል። አምስቱንም ሰጠኋቸው። እስከ ዛሬ ከሶፋ ያስነሳኝ ቴክኖሎጂ እሱ ብቻ ነው።